የቪዛ ወረፋ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? እናንተስ ስንት ወር ፈጀባችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ሆኜ ነው የምጽፈው። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ካፌ ገብቻለሁ፣ ሰማያዊው ክላሰር ጭኔ ላይ ነው። ባለቤቴ ውጭ አገር ነው የሚኖረው። እኔና ልጃችን ወደ እሱ እንድንሄድ ማመልከቻ ከገባልን 19 ወር ሆነን። ድረ ገጹ ላይ ይፈጃል ተብሎ የተጻፈው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በየቀኑ የኬዝ ቁጥራችንን አስገብቼ አያለሁ፣ የሚመጣልኝ ግን ያው ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ነው የሚል አንድ መስመር ነው። አገሩንም ኤምባሲውንም አልጠራም። ፋይላችን ገና ክፍት ስለሆነ ባለቤቴ እንዳልጠራ ለምኖኛል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ያ ድረ ገጽ ላይ ያለው ወር ከመቼ እስከ መቼ ነው የሚቆጠረው? እናንተስ ስንት ወር ፈጀባችሁ? ልጄ ማመልከቻው ሲገባ የ4 ዓመት ልጅ ነበረች። ጥቅምት ሲመጣ 6 ይሞላታል። አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ይህን የለጠፍኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር፣ 30 መልስ መጣ። አሁን መስከረም እያለቀ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ከሚያነብ በማለት የተባለውን በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። የማይጠቅመውን እዘለዋለሁ።

ቁጥር 1 የጉለሌ ሰው ነው። መጀመሪያ ፈጣሪ ቤተሰብሽን በሰላም ያገናኝሽ ብሎ መረቀኝ። ቀጥሎ ባለቤቴ ዜግነት አለው ወይስ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ብሎ ጠየቀኝ፤ አገሩን ባልጠራ እንኳ ይህን ሳልናገር ማንም ሊረዳኝ እንደማይችል በትህትና ነገረኝ። መልሼለታለሁ።

ቁጥር 2 በ11 ወር አልቆለታል፣ ትንሽ ታገሺ አለኝ። ቁጥር 3 ስድስት ኪሎ የምትኖር እናት ናት፣ እሷ የጠበቀችው 31 ወር ነው። ቁጥር 4 ደግሞ በ8 ወር ከልጆቹ ጋር ሄዷል። እነዚህን ሦስቱን በተከታታይ ሳነብ ሆዴ ባባ። 11 ሲባል እኛን ምን ነካን አልኩ፣ 31 ሲባል ገና አንድ ዓመት ሊቀረን ነው አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቁጥር 5 መጣ። ትርጉም ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ፒያሳ ነበር፣ በኮሪደር ልማቱ ተነሥተው አሁን ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ፎቅ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ ነው ያልናቸው። ጋሼ ከሦስቱ መልሶች ጋር አልተስማሙም። የሰው ወር ለሰው አይሆንም ነው ነገራቸው። ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ቁጥር የእኔን ፋይል የሚያውቅ ቁጥር አይደለም። ለምሳሌ ያነሡት ካናዳን ነው። ካናዳ ለትዳር አጋር 12 ወር የሚል መለኪያ አላት፣ ግን ያ መለኪያ ራሱ የሚለው ከ100 ማመልከቻ 80ው በዚያ ጊዜ እንዲያልቅ ነው። 20ው ከዚያ ውጭ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ተቆጥሯል። እነዚያ 20ዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀታቸው ጥያቄ ያስነሣ ሰዎች ናቸው አሉ ጋሼ፣ ከልምዳቸው። ስለዚህ ስንት ወር ፈጀባችሁ ብዬ መጠየቄን ትቼ ፋይሌ አሁን የቆመው ምን ላይ ነው ብዬ እንድጠይቅ መከሩኝ።

ይህን ምክር ያኔ በደንብ አልሰማሁትም። አነበብኩት፣ አመሰገንኩ፣ አለፍኩት።

ቁጥር 6 የጋሼን ነገር ደግፎ አንድ ነገር ጨመረ። ቆጠራው የሚጀምረው እኛ ላክን ካልንበት ቀን አይደለም፣ እነሱ የተሟላ ነው ብለው ከተቀበሉበት ቀን ነው። የእሱ ማመልከቻ አንድ ፊርማ ጎድሎት እንዳለ ተመልሷል። 2 ወር ተኩል ሲጠብቅ የነበረው ገና ያልተከፈተ ፋይል ነበር።

ቁጥር 7 ላይ ወሬው ወደ አሜሪካ ዞረ። የጻፈችው ሴት ወንድሟ ዜጋ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው ያመለከተላት። ተራዋ የደረሰው በ2024 መጨረሻ ነው። 17 ዓመት። ይህ የኤምባሲ መዘግየት እንዳልሆነ በደንብ አስረድታለች። የአሜሪካ ሕግ ለወንድምና እህት በየዓመቱ የሚሰጠውን ቪዛ በቁጥር ይወስናል፣ ከአንድ አገር የሚመጣውም ከጠቅላላው ከ7 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የማን ተራ እንደደረሰ በየወሩ የሚወጣ ሰንጠረዥ አለ፣ እዚያ ላይ የሚታየው ፋይሉ የተከፈተበት ቀን ነው። ያመለከተላት ጊዜ ትልቁ ልጇ 6 ዓመቱ ነበር። ተራው ሲደርስ 21 ዓመት አልፎት ነበርና እሱ ብቻ ቀረ። እሷ ሦስቱን ይዛ ለመሄድ እያለቀሰች ዕቃ እየሸከፈች ነው የጻፈችልን። አንጀቴን በላችው።

ቁጥር 8 እርማት ነው። ሰው እንዳይደናገጥ በማለት የገባ ይመስላል። የዜጋ ሚስት ወይም ባል በዚያ የቁጥር ወረፋ ውስጥ የለም፣ ለዜጋ የትዳር አጋር ገደብ አልተቀመጠለትም። የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ግን ወረፋ ውስጥ ናት። ባልየው መሐል ላይ ዜግነት ካገኘ ሚስቲቱ ከወረፋው ትወጣለች። የቁጥር 1 የመጀመሪያ ጥያቄ ለምን እንደነበር የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ቁጥር 9 ዲቪ የደረሰው ልጅ ነው። የሁላችንም ችግር ወረፋው ማለቂያ ማጣቱ ነው፣ የእሱ ችግር ደግሞ ማለቂያው መታወቁ ነው። የዲቪ ዓመት የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30 ነው፣ ዘንድሮ መስከረም 20 ላይ ይውላል። ያን ቀን ቪዛው ካልታተመ ዕጣው ይሞታል። በዓመት የሚሰጠው ቢበዛ 55 ሺህ ነው፣ የሚመረጠው ሰው ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ደረሰህ መባል ሄድክ ማለት አይደለም። ቃለ መጠይቁን ጨርሷል፣ ፋይሉ ተጨማሪ ማጣሪያ ላይ ነው ተብሏል። ይህን ሲጽፍ ጳጉሜ 2 ነበር። 23 ቀን ቀርቶታል።

ከ10 እስከ 14 ያለው ስለ አውሮፓ ነው። ቁጥር 10 የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ወደ አውሮፓ ለአጭር ጊዜ የሚያስገባው፣ በ15 ቀን እንደሚያልቅ በልበ ሙሉነት ጻፈ። ቁጥር 11 ወዲያው አረመው። ለኢትዮጵያውያን ያ ተቀይሯል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ለስብሰባ የተጋበዘ ሰው ግብዣው በ3 ሳምንት ውስጥ ከሆነ ብዙም ተስፋ አያድርግ። ቁጥር 12 እሳት ጎርሳ ገባች። 90 ዩሮ ከፍላ፣ የባንክ ስቴትመንት አውጥታ፣ ለአንድ ሳምንት ስልጠና 45 ቀን መጠበቋ አንገብግቧታል። ቁጥር 13 ምክንያቱን ነገራት፤ ኅብረቱ ያቀረበው ምክንያት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ላይ ከመንግሥት በቂ ትብብር አላገኘሁም የሚል ነው። እሷም እኔ የመንግሥት ሰው አይደለሁም፣ ሄጄም ቀርቼ አላውቅም፣ ታዲያ የእኔ ጥፋት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እኔም ይህን ጥያቄ ትክክል ነው እላለሁ። ቁጥር 14 ነገሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደው። ስድብ ስላለበት አልተርከውም።

ቁጥር 15 ወደ እኔ ዞረ። 19 ወር ምን አላት ነው ነገሩ። ባል አላት፣ ባሏ ብር ይልካል፣ አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጣ ታማርራለች። በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ስደተኛ እያለ አፍ አውጥታ ትናገራለች። በጣም ነው የጎዳኝ። ቁጥር 16 ለእኔ ተከራክራ እሷም በተራዋ ከ15 የባሰ ቃል ተናገረች። ሁለቱ ሊጨራረሱ ሲሉ ቁጥር 17 ገባ።

ቁጥር 17 ራሱ ኤርትራዊ ስደተኛ ነው። በስሙ የተጣሉበት ልጅ መጥቶ አረጋጋቸው። ማንም ሰው የመጠበቅ ውድድር ውስጥ እንዳልገባ ነው የጻፈው፣ ልጅ ላላት እናት 19 ወር ረጅም ነው አለ። እሱን ካናዳ ያሉ 5 ሰዎች ተሰባስበው ነው ስፖንሰር ያደረጉት። ካናዳ ከእንዲህ ዓይነት ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበል ለጊዜው ያቆመችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ነው፣ የእሱ ቀድሞ ገብቷል። ፋይሉን የሚያየው አዲስ አበባ ያለ ሰው አይደለም፣ ናይሮቢ ያለው የካናዳ ቢሮ ነው። ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነው። የተከራየው ክፍል ካዛንቺስ ነበር። አምና ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃውን በአንድ ጋሪ ጭኖ ወጣ። ያኔ ስልኩም ጠፍቶ ቁጥር ቀይሮ ነበር። ከ5 ወር በኋላ ነው ማመልከቻው ላይ ያለው አድራሻም ስልክም የድሮው መሆኑ ትዝ ያለው። ቢጠሩትስ ኖሮ? ወዲያው ለስፖንሰሮቹ ደውሎ አስተካከሉለት። እናንተም ቤት ስትቀይሩ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይኼ ይሁን አለን። ቁጥር 15 ይቅርታ ጠየቀ፣ እሱን ብቻ። እኔን ገና አልጠየቀኝም።

18፣ 19 እና 20 ከርዕሱ ወጥተዋል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኳቸው። ኤምባሲ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ውጭ ዣንጥላ ዘርግተው ስልክ ስለሚያስቀምጡት ሴቶች ነው። አንዷ ስልኩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ቆርሳ ግማሹን ለባለቤቱ፣ ግማሹን ፌስታሉ ውስጥ ታደርጋለች። ቁጥር 19 ሲወጣ ፊቱን አይታ ሳትጠይቀው ውሃ እንደሰጠችው ጻፈ። ተከልክሎ ነበር የወጣው። ቁጥር 20 ስለ ሜዲካል፣ ለቪዛ ስለሚደረገው የጤና ምርመራ፣ አስጠነቀቀ፤ ለካናዳ የሚያገለግለው 12 ወር፣ ለአሜሪካ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነውና ሳትጠሩ ሮጣችሁ አታድርጉ፣ ሁለቴ ትከፍላላችሁ ይላል።

ቁጥር 21 ማስታወቂያ ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ውስጥ ሰው አለኝ፣ በ3 ወር አስጨርሳለሁ ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። ቁጥር 22 አልማረውም። ውስጥ ሰው ያለው ሰው እንዲህ የሰው መልስ መሐል ገብቶ ደንበኛ አይፈልግም፣ ማመልከቻውን ማንም በነፃ ከድረ ገጽ አውርዶ መሙላት ይችላል፣ ለኤምባሲው የሚከፈለው ክፍያም ለሁሉም አንድ ነው፣ በሰው እንባ አትነግዱ አለው።

ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። እኛም በእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው ያስሞላነው። ቁጥር 23 የእኔ ነው፣ እውነቱን ጻፍኩ። 18 ሺህ ብር ከፍለን ነበር። ፎርሙን ሞላ፣ ወረቀቶቹን አስተረጎመ፣ አያይዞ ላከ። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሣት አቆመ።

ቁጥር 24 ውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ማድረግ የሚቻለውን ተራ በተራ የጻፈልን እሱ ነው። ስፖንሰሩ በሚኖርበት አካባቢ የተመረጠ የምክር ቤት አባል ቢሮ አለ። ያ ቢሮ ለነዋሪው ብሎ ፋይሉ የት እንደደረሰ መጠየቅ ይችላል። በነፃ ነው፣ ውሳኔ አያስለውጥም፣ ግን መልስ ያስመጣል። አሜሪካም ካናዳም ይሠራል። ካናዳ ያለ ሰው ደግሞ 5 ዶላር ከፍሎ በመረጃ ነፃነት ሕግ ፋይሉ ላይ መኮንኖቹ የጻፉትን ማስታወሻ ማስወጣት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከልክ በላይ የዘገየ ፋይል ውሳኔ እንዲያገኝ ፍርድ ቤት የሚከሱም አሉ፣ ጠበቃ ግን ውድ ነው። በምክር ቤቱ ጀምሩ አለ። ባለቤቴ በማግስቱ ቢሯቸው ሄደ።

ቁጥር 25 ጋሼ ተመለሱ። ቁጥር 23 ላይ የጻፍኩትን አንብበዋል። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ማመልከቻው ላይ የተሞላው ኢሜይል የማን ነው? ልጅሽ የተወለደችው በስንት ቀን ነው? ልደቷን በኢትዮጵያ ነገርኳቸው። ጥቅምት 5 ቀን 2012። ጋሼ የሚከተለውን አስረዱኝ፣ እኔም ለሌላው ሰው ብዬ በዝርዝር ነው የምጽፈው። በ2011 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2012 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ላይ ሳይሆን 12 ላይ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። በሌላ ዓመት ጥቅምት 5 ኦክቶበር 15 ነው። በዚያ ዓመት ግን 16 ነው። የሚቸኩል ተርጓሚ ይህን አያስታውስም። ጋሼ እንዲህ ያለ ወረቀት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያርሙ ራሳቸው አልቆጠሩትም።

ክላሰሩን ከፈትኩ። ቁጥር 26 ላይ ያየሁትን ጻፍኩ። ከሆስፒታል የተሰጠን የልደት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ 16 ይላል። የተተረጎመው የልደት ሰርተፍኬት፣ ቀይ ማህተም ያለበት፣ 15 ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አልጋ ላይ አስቀምጬ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ሁለቱንም አብረን ነው የላክነው። 19 ወር ሙሉ በክላሰር ይዤአቸው ስዞር አንድም ቀን አላስተያየኋቸውም።

ቁጥር 27 የባለቤቴ ዜና ነው። ከምክር ቤት አባሉ ቢሮ መልስ የመጣው በ12 ቀን ነው። ስለ ልጅቷ የልደት ቀን ማብራሪያ ተጠይቋል፣ መልስ አልተሰጠም። የተጠየቀው መጋቢት ላይ ነው። ጥያቄው የተላከው ማመልከቻው ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው፣ ያ ኢሜይል ደግሞ የጉዳይ አስፈጻሚው የራሱ ነበር። ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ 6 ወር፣ እኔ እነሱን ስጠብቅ እነሱ እኔን ይጠብቁ ነበር። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። ወረቀቴን ይዤ ቀጥታ ቸርችል ጎዳና ወረድኩ።

ጋሼን በአካል ያገኘኋቸው ያን ቀን ነው። ትንሽ ክፍል ናት፣ አንድ መስኮት አላት፣ ግድግዳው ላይ የሁለቱም አገር ካሌንደር ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ጭማሪ ጳጉሜ ያለባቸውን ዓመታት በቀይ እስክሪብቶ ከበዋቸዋል። ሰርተፍኬቱን አርመው ተረጎሙልኝ፣ ስሟንም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከሩ። ብር አልቀበልም አሉ። ግድ ብዬ ለሻይ አልኳቸው።

ቁጥር 28 ቁጥር 3 ናት፣ ያቺ 31 ወር የጠበቀችው እናት። የእሷም ፋይል ከ31ዱ ወር 9ኙን የቆመው በባሏ ስም ላይ በጎደለ አንድ ፊደል ምክንያት እንደነበር አሁን ጻፈች። መጀመሪያ ላይ ያልነገረችኝ ስንት ወር ፈጀ ተብላ እንጂ ለምን ዘገየ ብሎ ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ነው። ቁጥር 29 የዲቪውን ልጅ ጠየቀው። ምን ደረሰህ፣ ጻፍልን አለው። መስከረም 20 አልፏል። ልጁ እስካሁን አልመለሰም።

ቁጥር 30 ቁጥር 1 ነው፣ የጉለሌው ሰው። አዲስ ፎቶ ሊጠይቁ ይችላሉና አስቀድመሽ አንሺ ብሎኛል። ትናንት ልጄን ይዤ ስድስት ኪሎ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ማመልከቻው ላይ ያለው ፎቶ ላይ ጉንጯ ሙሉ ነው፣ ጸጉሯ አጭር ነው። አሁን ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ፎቶ አንሺው ለቪዛ ነው፣ አፏን ትግጠም አለ። እሷ ደግሞ ፎቶው ለአባዬ ነው ብያት ስለነበር ጥርሴን ይይ ብላ አሻፈረኝ አለች። አራት ጊዜ ተነሣች። የገጠመችውን ባለቤቴ ከታረመው ሰርተፍኬት ጋር፣ ከአዲሱ ኢሜይላችን ጋር፣ ዛሬ ጠዋት አስገብቶታል። ሌላውን ፎቶ በቴሌግራም ላክንለት።